ጨርቁ ከመንካቱ በፊት ውሃው ይንካ፦ የአትክልት መርጫ ፓምፕ ለመኪና አጠባ

በዚህ እትም ላቀርብላችሁ የመረጥኩት ርዕስ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን አስረጂ ጽሑፍ ማለት ሰው በየቀኑ የሚያየውን፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቆ የማያውቀውን ነገር ፈትቶ ማሳየት መሆኑን ተምረናል። እኔም ፈትቼ ላሳያችሁ ያሰብኩት ለአበባና ለጎመን መርጫነት የሚሸጠውን፣ በእጅ እየተነፋ የሚሠራውን የፕላስቲክ ፓምፕ ነው። ይህ ርካሽ ዕቃ መኪና ለማጠብ ቢውል ምን ይጠቅማል? የትኛውን ሥራ አይችልም? መቼስ አደገኛ ይሆናል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ እሞክራለሁ።

ነገሩ ለምን ያነጋግራል?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በአብዛኛው የሚታጠበው በሁለት ዓይነት ቦታ ነው። አንደኛው የውሃ መስመር፣ ኤሌክትሪክና በኃይል የሚረጭ ማሽን ያለው ላቫጆ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዳር ነው፤ ባልዲ፣ ጄሪካን፣ ኦሞና ጨርቅ የያዙ ወጣቶች ቆመው ደንበኛ የሚጠብቁበት።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ በግቢያችን አካባቢ መንገድ ዳር ከሚሠሩ ሦስት አጣቢዎች ጋር በተለያየ ቀን ተነጋግሬ ነበር። ሦስቱም ሳይጠየቁ ያነሱልኝ ነገር ሁለት ነው፤ ውሃና ጭረት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በማይመጣበት ቀን በጄሪካን ይገዛሉ ወይም ከሩቅ ተሸክመው ያመጣሉ። ስለዚህ አንዱ ባልዲ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት መኪና ይብቃቃል። ጭረቱ ደግሞ የጠብ ምንጭ ነው። ባለመኪናው መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ኮፈኑን ሲያይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት ያገኛል፤ «ማን ጫረው?» ብሎ ይጮኻል። አጣቢው እኔ አይደለሁም ይላል። የሚገርመው ሁለቱም እውነት አላቸው። ጭረቱ የመጣው በእጥበት ነው፤ ግን በዛሬው እጥበት ብቻ ሳይሆን በብዙ ዓመት እጥበት ተጠራቅሞ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ማለት ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ጠቡ ሲነሳ የልፋቱን ሳይቀበል የሚሄደው አጣቢው ነው።

እንግዲህ ርካሹ መርጫ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለሁለቱም ችግር፣ ማለትም ለውሃውም ለጭረቱም፣ በአንድ ጊዜ መልስ ይሰጣል።

ጭረቱ ከየት ይመጣል?

የዘመኑ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። ከብረቱ በላይ ዝገት መከላከያና መደብ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አለ። መኪናውን የሚያብለጨልጨው ይኼ የላይኛው ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል። ማይክሮን ማለት 1 ሚሊ ሜትር ለ1,000 ሲካፈል አንዱ ነው። የሰው ፀጉር ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወፍራል። የመኪናችን ውበት የተንጠለጠለው ከፀጉር በቀጠነ ነገር ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ስስ ሽፋን የሚጭረው ጨርቁ ራሱ አይደለም፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከል የሚገባው አቧራ ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የተባለ ማዕድን አለ፤ ተራ አሸዋ በአብዛኛው የተሠራው ከእሱ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት የሞስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ ተራ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። መስታወት የሚጭር ነገር ክሊርን እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት። ደረቅ አቧራ የለበሰ ኮፈን ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥሎ ማሸት፣ ነገሩን ሳናሳምረው ስንናገር፣ በሸካራ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ክብ እየሠሩ ሲያሹ ደግሞ ጭረቱም ክብ ክብ ይሆንና ፀሐይ ሲያርፍበት ድር መስሎ ይታያል።

አንዳንድ ሰው «ፖሊሽ ያጠፋዋል» ይላል። እውነት ነው፣ ያጠፋዋል። ግን የሚያጠፋው የጭረቱን ጉድጓድ በመሙላት ወይም በዙሪያው ያለውን ክሊር በመፋቅ ነው። የተሞላው እየታጠበ ይወጣል፤ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት አቧራውን በተቻለ መጠን በውሃ ማራስና ማውረድ ነው። በማሽን የሚታጠብ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ባልዲ ብቻ የያዘው ግን በምን ያድርገው? በባልዲ መድፋት ውሃ ይጨርሳል፤ ለዚያውም ውሃው በአንድ ቦታ ፈሶ ያልፋል እንጂ ሁሉንም አያዳርስም።

መርጫው ምንድን ነው?

በእጅ የሚሠራ መርጫ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሚላርዴ በቦርዶ የወይን ተክል ላይ የሚወጣውን ሻጋታ በመዳብ ውህድና በኖራ መከላከል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1885 ካስታወቀ በኋላ፣ ውህዱን በቅጠል ላይ አዳርሶ የሚረጭ ዕቃ በብዛት ተፈለገ። በዚያው በ1880ዎቹ ቬርሞሬል የተባለ ፈረንሳዊ አምራች በጀርባ የሚታዘል መርጫ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በገበሬዎቻችን ጀርባ ላይ የምናየው መርጫ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባም ይኸው ዕቃ ከማሳ ወጥቶ ከተማ ውስጥ የበረኪና ውህድ ሲረጭበት አይተናል።

በገበያ ላይ የሚገኙት በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ትንሹ ነው፤ 1 ወይም 2 ሊትር ይይዛል፣ ከላይ በአውራ ጣት የሚጫን ቃታ አለው። ሁለተኛው በትከሻ የሚንጠለጠል ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሊትር ይይዛል፣ ቱቦና ረጅም ዘንግ አለው። ሦስተኛው በጀርባ የሚታዘለው ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይይዛል፣ በጎኑ ያለው ማንሻ እየረጩ ሳያቋርጡ ይነቀነቃል። ለመኪና አጠባ የሚመቸው መካከለኛው ነው። ትንሹ ለቸርኬና ለመስታወት ይበቃል፤ ትልቁ ደግሞ ታዝሎ በመኪና ዙሪያ ሲዞሩ ከባድ ነው፣ ማንሻውም በሩን ሊገጨው ይችላል።

በውጭ አገር መኪና አሳማሪዎች ይህን ዕቃ ከአትክልተኞች ወስደው መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ጨውና ጭቃ የለበሰውን መኪና ከመንካታቸው በፊት ሳሙና በመርጫ ያለብሱታል። እንዲያውም የስፔኑ ጎይዝፐር «አይኬ» በሚል ስም፣ የፖላንዱ ማሮሌክስም በራሱ ስም፣ ለመኪና አጠባ የሚሆኑ አረፋ የሚያወጡ መርጫዎችን ያመርታሉ። ሆኖም ተራው የአትክልት መርጫም ዋናውን ሥራ ይሠራል።

አየር ውሃን እንዴት ይገፋል?

የመካከለኛውን መርጫ አሠራር ለመረዳት የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃል። ጋኑ ውሃ ሲሞላ እስከ አፉ አይሞላም፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ስናደርግ ፒስተኑ አየር ወደዚያ ባዶ ቦታ ያስገባል። ከታች ያለው ትንሽ የጎማ ቫልቭ አየሩ ተመልሶ እንዳይወጣ ይከለክላል። የታመቀው አየር ውሃውን ቁልቁል ይጫነዋል፤ ቃታውን ስንጫን ውሃው መውጫ ያገኝና በቱቦው አልፎ በጫፉ ቀዳዳ ተበትኖ ይወጣል።

ባዶ ቦታ መተው ለምን አስፈለገ? ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያስታወቀው ሕግ ይመልሰዋል፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ አየር ቦታው በእጥፍ ሲሰፋ ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። 8 ሊትር በሚይዝ ጋን 6 ሊትር ውሃ ሞላን፤ ለአየር 2 ሊትር ቦታ ቀረ። ከውጭው አየር በላይ 3 ባር እስኪደርስ ነፋን፤ የውጭው አየር 1 ባር ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 4 ባር ነው። 2 ሊትር ውሃ ስንረጭ የአየሩ ቦታ 4 ሊትር ይሆናል፤ ጠቅላላው ግፊት ወደ 2 ባር ይወርዳል። ከውጭው አየር በላይ የቀረን 1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ በመሃል እንደገና መንፋት ያስፈልጋል። ጋኑን እስከ አፉ የሚሞላ ሰው ደግሞ ገና ጥቂት ሳይረጭ ግፊቱ ይጠፋበትና «ዕቃው አይረባም» ብሎ ይጥለዋል። ዕቃው ምን አጠፋ?

3 ባር ምን ያህል ነው? ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ 30 ወይም 32 የሚለው ቁጥር ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ይላል። መርጫው የሚሠራው እንግዲህ በመኪና ጎማ ግፊት አካባቢ ነው። የላቫጆ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ባር በላይ ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ መርጫው ቆሻሻን ገፍቶ አይነቅልም፤ አርሶና አለስልሶ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ኃይሉ ግፊቱ ሳይሆን ጊዜው ነው።

አጠባው ደረጃ በደረጃ

ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት አሠራሩን በአጎቴ ቪትስ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የደረስኩበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናውን ጥላ ሥር ማቆምና ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። የጋለ ብረት ላይ ሳሙና ይደርቃል፤ የደረቀ ሳሙና ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ቸርኬና ጎማን ቀድሞ ማጠብ፣ ለዚያም የተለየ ጨርቅ መያዝ። ቸርኬ ላይ የሚጠራቀመው ጥቁር ዱቄት ከፍሬን ሸራና ዲስክ የሚፋቅ ስለሆነ የብረት ብናኝ አለበት። ያ ጨርቅ ወደ በር ከወጣ ጭረት ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ንጹህ ውሃ በመርጫው ከላይ ወደ ታች ማዳረስ። የጫፉን ቀዳዳ እንደ ጉም ሳይሆን ጠብታው እንዲታይ አድርጎ ማስተካከል ይሻላል፤ ጉም አቧራውን ያረጥበዋል እንጂ አያወርደውም።

አራተኛ፣ የሳሙናውን ውህድ መርጨትና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መተው። አብዛኛው ሰው የሚሳነው ይህቺን ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ በዚህ ጊዜ ሳሙናው ቅባቱን እየለቀቀ አቧራውን ከቀለሙ ላይ ያነሳዋል። በበሩ ታችኛ ክፍልና ከጎማው ኋላ ጭቃው ስለሚበዛ እዚያ ደግሞ መርጨት ያስፈልጋል። ግን እንዳይደርቅ።

አምስተኛ፣ በንጹህ ውሃ እንደገና ማውረድ። እዚህ ላይ ገና ጨርቅ አልነካም። ከመኪናው የሚወርደውን ውሃ ቀለም ስታዩ፣ ያ ሁሉ ቡናማ ነገር ድሮ በጨርቅ ሲታሽ እንደነበር ይገባችኋል።

ስድስተኛ፣ አሁን ጨርቅ። ማይክሮፋይበር ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘም ለስላሳ ጥጥ ይሆናል። ጨርቁን ለአራት ብታጥፉት ስምንት ንጹህ ገጽ ይኖራችኋል፤ አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እንጂ በክብ ሳይሆን፣ ሳይጫኑ ማሸት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስም።

ሰባተኛ፣ ማለቅለቅና በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። በተለይ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚኖረው በራሱ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ውሃው ሲሰላ

በሦስተኛው ሙከራዬ የተጠቀምኩትን ውሃ ለክቼ ነበር። ለማራስ 4 ሊትር፣ ለሳሙና 4 ሊትር፣ ለማውረድ 5 ሊትር፣ ጨርቅ ለማጠብ በባልዲ 6 ሊትር፣ በመጨረሻ ለማለቅለቅ 6 ሊትር። ድምሩ 25 ሊትር ነው፤ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ትንሽ በለጥ ይላል። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ጊዜውም የበጋ አቧራ እንጂ የክረምት ጭቃ አልነበረም፤ ለትልቅ መኪና ተጨማሪ ያስፈልጋል።

በጎማ ቱቦ የሚያጥብ ሰው የራሱን ፍጆታ በቀላሉ ማወቅ ይችላል። ቱቦውን ከፍቶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ማየት ነው። በአንድ ደቂቃ ተኩል ከሞላ በደቂቃ 13 ሊትር ያህል ይፈሳል ማለት ነው፤ ለ10 ደቂቃ ከተከፈተ 130 ሊትር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባልዲ ብቻ የሚጠቀመው ወጣት ግን ቀድሞም ቢሆን ብዙ ውሃ አያባክንም። የእሱ ጥቅም ሌላ ነው፤ በዚያው በጥቂቱ ውሃው ንጹህ እጥበት ማጠብ ይችላል። በባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ከመጀመሪያው ጨርቅ በኋላ ቆሻሻ ነው። በመርጫው ጋን ያለው ውሃ ግን እስከ መጨረሻው ጠብታ ንጹህ ነው፤ ምክንያቱም ይወጣል እንጂ አይመለስም። በእኔ አስተያየት የዚህ ዕቃ ትልቁ ምስጢር ይኼ ነው።

ምን ይሞላበት?

የመኪና ሻምፖ ከሁሉም ይመረጣል። በጠርሙሱ ላይ 1 ለ100 ከተባለ ለ5 ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከፋርማሲ በሚገዛ ስሪንጅ መለካት ይቻላል። በውጭ አገር ማለቅለቅ የማይፈልጉ ውህዶችም አሉ፤ በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካው ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ለማጠቢያ የሚበጠበጠው 1 ለ256 ነው፤ በ5 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ያህል መሆኑ ነው።

ኦሞ ግን ለመርጫ አይሆንም። ያልሟሙ ቅንጣቶች የጫፉን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ቀለሙ ላይ ከቀሩም ራሳቸው ይጭራሉ። የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን በቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ያጥባል፣ ብዙ ጊዜ ለማወፈሪያ ጨው ስለሚገባበትም በደንብ መለቅለቅ አለበት። ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከበርሜል ከሆነ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሎ መሙላት ቀዳዳውን ከመደፈን ያድነዋል።

ናፍጣና ነጭ ጋዝ ደግሞ በፍጹም። ሞተር ለማጠብ ናፍጣ በመርጫ የሚረጩ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አንደኛ፣ በጉም መልክ የተረጨ ነዳጅ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው። ሁለተኛ፣ የመርጫው የጎማ ቀለበቶች አይችሉትም። ከእነዚህ ቀለበቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው፤ ኢፒዲኤም ሳሙናና ቀላል አሲድን ይችላል፣ ነዳጅና ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ቫይተን የሚባለው ሌላው ጎማ ነዳጅ ይችላል፤ ዋጋው ግን ውድ ስለሆነ በርካሽ መርጫ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በረኪናም የብረት ስፕሪንጉን ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው በረኪናን ከአሲድ ካለው የቸርኬ ማጽጃ ጋር ማገናኘት ነው፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል።

መርጫው የማይችለው

መቼም ለሁሉ ነገር መድኃኒት የሚሆን ዕቃ የለም። በክረምት ከገጠር መንገድ የመጣ፣ ፓራውልቱና ፓርፋንጎው ሥር ጭቃ የጋገረ መኪና በ3 ባር አይጸዳም። እሱ ወይ ማሽን ወይ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። መርጫው የሚያገለግለው ለአቧራ፣ ለቀላል ጭቃ፣ ለወፍ ኩስ ማራሻ፣ ለቸርኬና ለማለቅለቅ ነው።

በሌላ በኩል ግፊቱ ዝቅተኛ መሆኑ ራሱ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። የተላጠ ቀለም፣ ያረጀ የበር ጎማና ስንጥቅ ያለው መብራት በማሽን ሲመታ ውሃ ሊያስገባ ይችላል፤ በመርጫ ግን ይህ ስጋት ያንሳል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማችን በዝተዋል። ለእነሱም ለስለስ ያለ ርጭት ይመቻል። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን ግን መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ ቻርጅ ላይ እያለም አለማጠብ ይገባል።

ከማሳ የመጣ መርጫ

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ልምጣ። አዲስ መርጫ ከማሽን ጋር ሲወዳደር ርካሽ ነው፤ ያገለገለ መርጫ ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል። ታዲያ ያ ያገለገለ መርጫ ምን ሲያገለግል ነበር?

በአገራችን የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ቅጠለ ሰፊ አረምን ለማጥፋት 2,4-ዲ በብዛት ይረጫል። ይህ መድኃኒት ከመርጫ ጋን ውስጥ ታጥቦ አልወጣ በማለት በዓለም የታወቀ ነው፤ ከቱቦውና ከጎማው ውስጥ የቀረው ጥቂት ዝቃጭ ቲማቲምን ወይም ወይንን ሊጎዳ ይችላል። ለተባይ የሚረጩት እንደ ማላታዮንና ዳያዚኖን ያሉት ደግሞ የሰውን ነርቭ የሚነኩ ናቸው። የሚገቡት በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ነው። ራስ ምታት፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታና ማስመለስ ምልክቶቻቸው ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። እጁ ቀኑን ሙሉ በውሃ የራሰ ወጣት፣ ያለ ጓንት፣ ያን ጋን ሞልቶ ፊቱ ፊት ጉም ይረጫል። በር ከፍቶ ውስጡንም ይወለውልበታል። ከዚያ ባለቤቱ ልጆቹን አሳፍሮ ይሄዳል። በውሃ ተለቅልቋል የሚለው መተማመኛ አይሆንም፤ ፕላስቲኩና ጎማው ኬሚካሉን ይመጣሉና። ስለዚህ ሕጉ አንድና አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የነካ መርጫ ለመኪና አይሆንም። ምን እንደያዘ የማይታወቅ ያገለገለ መርጫም ኬሚካል እንደነካ ይቆጠራል። የኬሚካል ባዶ ጄሪካንም እንዲሁ፤ ለውሃ መያዣ አይሆንም።

አያያዝ

አዲሱን መርጫ ከገዛችሁ በኋላ ጋኑ ላይ በማይጠፋ ቀለም «ለመኪና ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። ስትገዙ ትርፍ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ እንዳለው እዩ፤ የሌለውን አትግዙ። ከሥራ በኋላ ቫልቩን ስቦ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያ ብቻ ክዳኑን መክፈት፤ ግፊት እያለው የተከፈተ ክዳን ፊት ሊመታ ይችላል። የተነፋ ጋን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይተውም፤ አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ይለሰልሳል።

ሳሙና ከነበረበት በንጹህ ውሃ ሞልቶ በቱቦው ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሳሙናው ጫፉ ላይ ይደርቃል። የፒስተኑ የጎማ ቀለበት ሲደርቅ አየር ያስመልጣል፤ እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ከወረደ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል፤ የሞተር ዘይትና ግሪስ ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት ያሳብጡታል። በሚረጩበት ጊዜ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግም አይረሳ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ወጣቶች መርጫ የላቸውም። ከሦስቱ አንዱ አሠራሩን ሳስረዳው፣ ደንበኛው ውሃው ሲወርድ እያየ «እስካሁን አልነካሁትም» ማለት መቻሉን ነው ከሁሉ በላይ የወደደው። እኔ ስለ ማይክሮንና ስለ ኳርትዝ ሳወራ እሱ ለጠቡ መልስ አገኘለት። እውነቱን ነው፤ አቧራው በዓይን እያየ የወረደለት ደንበኛ ለጭረቱ አጣቢውን ለመክሰስ ምክንያቱ ያንሳል።

ለጋን፣ ለፒስተንና ለጥቂት የጎማ ቀለበቶች የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ቁም ነገሩ ዕቃው አዲስ መሆኑና ቅደም ተከተሉ መጠበቁ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ትዕግሥት፣ በመጨረሻ ጨርቅ። መኪና ያላችሁ መምህራንና ሠራተኞች በሚቀጥለው ጊዜ መኪናችሁን መንገድ ዳር ስታሳጥቡ አጣቢውን ከማስቸኮል ይልቅ አምስት ደቂቃ ብትጨምሩለት ለእሱም ለቀለማችሁም ይበጃል። መኪና የሌለን ደግሞ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ቢያንስ አስፋልት ዳር ያ ጠብ ሲነሳ ነገሩን የምናስረዳበት እውቀት ይዘናል።